የኮራሎቹን ሰዓት ያበላሸሁት እኔ ነኝ

ውድ እታለም ፈይዛ፣

ሰላም ነሽ ወይ ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ። ሰላምሽን የነሳሁሽ እኔው ነኛ።

ለዒድ መካነ ሰላም መጥተሽ ስለ ኮራል ያወራሽን ቀን ትዝ ይልሻል? ቀይ ባሕር ውስጥ ድንጋይ መስሎ የሚኖር እንስሳ ነው፣ ውሃው ሲሞቅበት የትኞቹ ጂኖቹ፣ ማለትም ዘረመሎቹ፣ እንደሚነሡ በስሌት አጠናለሁ አልሽ። እማዬ «አዑዙ ቢላህ! አስተማሪዎችሽ ጂን ያስነሡሻል?» አለች። አጎታችን አህመዲንም «ድንጋይም ሙቀት ካመመው እኛማ አለቀልን» አሉ። እንደዚያ ቀን ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም።

በነጋታው ደብተርሽን ሰጥተሽኝ «ሩቂ፣ ናሙና የወሰድኩባቸውን ሰዓቶች ኮምፒውተር ላይ ጻፊልኝ። በእኛ ሰዓት ነው የያዝኩት፤ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀይሪው» አልሽኝ። ውሃ የሞቀባቸውን ኮራሎች ሰዓት በደንብ ቀየርኩ፤ የቀትሩን ስድስት አሥራ ሁለት አደረግኩት። ግማሽ ላይ ስደርስ ከመናኸሪያው ጩኸት ሰማሁ። አጎታችን ናቸው። ከጅዳ ከተመለሱ ስንት ዓመታቸው፣ የእጅ ሰዓታቸው ግን ገና አልተመለሰም። የወረኢሉ መኪና ንጋት ላይ ሄዷል፤ እሳቸው በቀትር ሻንጣ ተሸክመው «በአሥራ ሁለት ይወጣል አላልከኝም?» እያሉ ትኬት ቆራጩን ይዘውታል። ለቲክቶክ ልቀርጻቸው ሮጥኩ። ስመለስ ደከመኝና ያልሞቁትን ኮራሎች ሰዓት ሳልቀይር እንዳለ ገለበጥኩት፤ የንጋቱ አሥራ ሁለት ቀትር መሰለ። «ጨርሻለሁ» አልኩሽ።

በዚህም የሞቀው ኮራል የቀትር ናሙና ካልሞቀው የንጋት ናሙና ጋር ተነጻጸረ። ሙቀት ባይነካው እንኳ የኮራል ጂን በንጋትና በቀትር አንድ እንዳልሆነ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።

በስልክ «በሺህ የሚቆጠሩ ጂኖች ተነሥተዋል!» ብለሽ ስትጮሂ አብሬሽ ጮኽኩ። ቆይቶ መምህርሽ «ይህ የሙቀት ሥራ አይመስልም» ሲሉሽ፣ ረስተሽው የሄድሽውን ደብተር ገለጥኩ። ገባኝ። አልተናገርኩም። «እጄ ነው፤ የናሙናዎቹን ቱቦዎች አቀያይሬ ይሆናል» ስትዪ ኔትወርክ የተቆረጠ አስመስዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ትናንት እማዬ «ፈይዛ ትምህርቷን ትታ ጅዳ ልትሄድ ነው፤ ፓስፖርት አውጥታለች» አለችኝ። በሰው ሁሉ የምቀልደው ልጅ ሮጬ ደብተርሽን አወጣሁ።

እታለም፣ ቱቦዎቹን አላቀያየርሽም። የደብተሩን ገጾች በሙሉ ፎቶ አንሥቼ ልኬልሻለሁ፤ ለመምህርሽ አሳዪያቸው። ስሌቱ እንደገና ሲሠራ ሺዎቹ ጂኖች ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንድም ላይነሣ ይችላል። እሱን አላውቅም። እጅሽ እንዳልተሳሳተ ግን አውቃለሁ፤ ለእማዬም ዛሬ ነግሬያታለሁ።

አፉ በይኝ ለማለት ገና ነው። በቅድሚያ ጉዞሽን አቁሚና ስሌቱን ሥሪው። ከዚያ ደውለሽ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ። አንዲት ቀልድ ሳልመልስ እሰማሻለሁ።

ጥፋተኛዋ እህትሽ፣
ሩቂያ