ፈቃድ ስለሚጠብቀው ግድግዳ

ሰኔ 21 ቀን 2002 ዓ.ም.
ጅማ፣ አወቱ መንደራ

ለክቡር አቶ ዳግማዊ፣
የቤቶች ጥገና ፈቃድ ዋና የሥራ ሂደት ባለቤት፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ሲስተምዎ በየሳምንቱ የማይለዋወጥ፣ የሚያድሩበትም ቤት ግድግዳው የጸና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የኔነሽ እሱባለው፣ በአንድ የቡና መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ፋይል ሳመላልስ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የቀበሌ ቤት ተከራይ ነኝ። በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ፣ በውስጥ የጻፍኳቸው አራት ደብዳቤዎች «በአዲሱ ሂደት የማይታወቁ ሰነዶች» ስለተባሉብኝ ነው።

1ኛ. ሥራው ሳይቆም፣ እየሄደ እያለ የሚለወጠውን የሥራ ሂደት መምሪያ ሶፍትዌር ስላስገቡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መጋቢት ላይ ከጎረቤቴ ከወይዘሮ ዘይቡ ጋር የምንጋራው የጭቃ ግድግዳ ተሰንጥቆ የጥገና ፈቃድ ስጠይቅ እርከኖቹ አራት ነበሩ። መሐንዲሱ መጥቶ ስንጥቁን ለካ፤ ሁለት ጣት ነበር፤ «አስቸኳይ» ብሎም ጻፈ። ሦስተኛው እርከን ላይ ስደርስ ሲስተሙ ተሻሻለና እርከኖቹ ሰባት ሆኑ፤ ፋይሌም ተመልሶ አንደኛው ላይ ቁጭ አለ።

2ኛ. ግንቦት ላይ እንደ ምንም ብዬ ስድስተኛው ላይ ስደርስ ዘጠኝ አደረጓቸው። የኮምፒውተር ሠራተኛዎ ኢርፋን ጨዋ ልጅ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ የኔነሽ፣ ምን ላድርግ፣ ከላይ ሲለውጡት የተጀመረውንም ያልተጀመረውንም እኩል ነው የሚመልሰው» አለኝ። ቡና ታጥቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ከተሰጣ በኋላ፣ ማጠቢያው ተሻሻለ ተብሎ ወደ ገንዳ እንደማይመለስ የአጋሮ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። የተጀመረው በተጀመረበት ይለቅ፣ አዲሱ በአዲሱ ይሂድ ብዬ ብጠይቅ ግን፣ የሶፍትዌሩ ውበት እሱ መሆኑን አስረዱኝ።

3ኛ. ስለ ጥንቃቄዎም አመሰግናለሁ። ፈቃዱ እስኪመጣ ብዬ ግድግዳውን በባሕር ዛፍ ምሰሶ ባስደግፈው፣ ደንብ አስከባሪዎችዎ በሦስተኛው ቀን መጥተው «ያለ ፈቃድ የተደረገ ጥገና» ብለው ነቅለው ወሰዱት። እንዴት ደስ ይላል፣ ለመንቀል ሲሆን እርከን የለም! የመንግሥት ያለህ ብዬ እንዳልጮህ፣ መንግሥት ምሰሶዬን ተሸክሞ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

4ኛ. «የጎረቤት ፊርማ» የሚለው እርከን። ወይዘሮ ዘይቡ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከተኙ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ክፍላቸው ጠባብ ስለሆነ አልጋቸው የተጠጋው እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኳቸው፤ በሳምንቱ ቅጹ ተለወጠና ጣታቸው ዋጋ አጣ። ዘመድ ቤት እንዳይሄዱ፣ ለቀው ከተገኙ ቤቱ እንደሚታሸግ በማስታወቂያ ነግረውናል። ልጃቸው ሶረቲ ጠዋት ጠዋት ከብርድ ልብሳቸው ላይ የረገፈ ጭቃ ታራግፋለች። እሳቸው አልሐምዱሊላህ ከማለት ቦዝነው አያውቁም፤ ባለፈው ሐሙስ ግን እጄን ይዘው፣ «ያ ረቢ፣ የኔነሽ፣ ይሄ ግድግዳ እኮ ዝናብ ሲመጣ ይተነፍሳል» አሉኝ። ስንጥቁ ዛሬ ክንዴን እስከ ክርኔ ያስገባል። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የምጽፈው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ «አስቸኳይ» ያለውን የመሐንዲሱን ወረቀት፣ በተጻፈበት ሂደት፣ ሐምሌ ሳይገባ ይጨርሱልኝ።

ለውጥ ለማይሰለቸው ትጋትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ከግድግዳው ግን ራቅ ብዬ፣ እጅ እነሳለሁ።

ከአንደኛው እርከን የማልጠፋ ደንበኛዎ፣
የኔነሽ እሱባለው

ማስታወሻ፦ ቅጂውን ላስገባ ዛሬ ጠዋት ስመጣ፣ አሥረኛ እርከን መጨመሩን ኢርፋን አሳየኝ፤ «ቤቱ ከፈረሰ ጉዳዩ እንደተጠናቀቀ ተቆጥሮ ፋይሉ ይዘጋል» ይላል። በአራት ወር ውስጥ ፋይሌ ወደ ኋላ ሳይመለስ ሊደርስበት የሚችለው እርከን ይህ ብቻ ነው፤ ሰማዩም በኪቶ ፉርዲሳ በኩል ጠቁሯል። እንግዲያው ፋይሌን ሲዘጉ የጎረቤት ፊርማ እንዳይጠይቁኝ አደራ፤ ያን ጊዜ የሚፈርሙልኝ ጎረቤት አይኖሩም።