ሮንዳ ለቅሶ ቤት ገባች

ልጄ ሳጂዳ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያገናኝሽ። እኔ ደህና ነኝ። ወንድምሽ ሙእሚንም ዌሪቢ የሚባለው ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ ጀምሯል።

አባትሽን ካጣን ወዲህ የአራት ወር ከአሥር ቀኑ የሐዘን ጊዜ፣ ዒዳ ላይ ስለሆንኩ ከቤት አልወጣም፤ ሰፈራችንን ሴንት አልባንስን እንኳ የማየው በመስኮት ነው። ስለዚህ ከስፔን የላክሽልኝን፣ የምትማሪባትን የሮንዳን ከተማ ፎቶ ደጋግሜ አያለሁ። ገደሉ አፋፍ ላይ የተሠሩት ነጫጭ ቤቶች፣ ከታች እስከ ተራራው የተዘረጋው የወይራ እርሻ ደስ ይላል። ጎረቤታችን እትዬ ተረፈች ሊያጽናኑኝ መጥተው አዩና፣ «አንቺ ዓሊማ፣ ይሄማ ወሎ ነው! ስፔን ብላ ሸወደችሽ» አሉኝ። ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ሳቅሁ።

ትምህርትሽን ትተሽ ልትመጪ ትኬት ቡክ እንዳደረግሽ ሙእሚን ነገረኝ። ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ አትተዪው፤ ቤቱ ሰው አላጣም። ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ፤ ተራራ ብርድ አለውና ደርበሽ ልበሺ። ዒዳዬን ስጨርስ እኔው እመጣለሁ።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስመጣ፣ ፎቶው ላይ ያየሁትን ገደሉን የሚያሻግረውን ድልድይ ስናልፍ እጄን ያዢኝ። ከፍ ያለ ቦታ ስፈራ የሚይዘኝ አባትሽ ነበር።

እናትሽ ዓሊማ