ከበሩ በላይ ያለው ዓመት

አቶ ዳኜ ክፍሉ ከአባታቸው ከአቶ ክፍሉ አድማሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘቢደር እንግዳ በ1928 ዓ.ም. በደብረ ሲና ተወለዱ። ዘመኑ የጦርነት ነበርና ወሩን የመዘገበ የለም።

ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸውና በአዲስ አበባ ከተከታተሉ በኋላ፣ በ1953 ዓ.ም. የሕንፃ ሥራ እንዲማሩ ወደ አየርላንድ፣ ኮርክ ከተማ ተላኩ። ከሰው ቶሎ የሚላመዱ አልነበሩም፤ አራት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ከተማዋን ብቻቸውን በእግር ያካልሉ ነበር። ዋናው ጎዳና ድሮ ጀልባ የሚመላለስበት ወንዝ እንደነበረ፣ የትኛው ቤት የቅቤ ነጋዴ እንደነበረ፣ ከየበሩ በላይ በድንጋይ የተቀረጸውን ዓመት ሳይቀር በደብተር አሰፈሩ። የጻፉት በአማርኛ ነው፤ ዓመቱንም አንዳንዴ ሰባት፣ አንዳንዴ ስምንት እየቀነሱ ወደ እኛ አቆጣጠር መለሱት።

በ1958 ዓ.ም. አገራቸው ተመልሰው በማዘጋጃ ቤት አገለገሉ። በ1961 ዓ.ም. ወይዘሮ ሰርካዲስ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው ከስድስት ዓመት በኋላ በሞት ተለዩአቸው፤ ልጅ አልወለዱም። በ1972 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ሲወጡ ቅያሪ ልብስ ትተው ደብተሮቹን ያዙ። ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ፣ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ አጠገብ በአንዲት ክፍል እየኖሩ ዌስትውድ ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር።

መኪና እስኪመጣ ድረስ ደብተሮቹን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ ቆይተው፣ በ1978 ዓ.ም. ኮርክ ለሚገኝ አንድ የታሪክ ማኅበር ላኩ። መልሱ ጨዋ ነበር። ጽሑፉን ወድደነዋል፣ ዓመቶቹ ግን አንዱም ልክ አይደለም የሚል ነው። ለካ ጋሼ ቋንቋውን ሲመልሱ ዓመቱን እንዳለ ገልብጠውታል። ያን ጊዜ እዚህ ያለን ወዳጆቻቸው ሁላችንም ሳቅንባቸው፤ ዛሬ ያ ሳቅ ያሳፍረናል።

ሰባት የቀነሱት የቱ ላይ፣ ስምንትስ የቱ ላይ እንደሆነ ምልክት አልነበረውም። ስለዚህ ለአርባ አንድ ቤቶች፣ ስማቸውን ለማያውቋቸው ነዋሪዎች፣ ከበራችሁ በላይ ያለውን ዓመት አንብባችሁ ጻፉልኝ እያሉ ደብዳቤ ላኩ። የሥራ ባልደረባቸው አቶ ሀይለገብርኤል፣ «ታዲያ ጋሽ ዳኜ፣ ለማያውቅዎት ሰው መጻፍ ምን ያደርግልዎታል?» ቢሏቸው፣ «እኔን ባያውቁኝ፣ ቤቱን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ማለት እንደ እርሳቸው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አርባ መልስ መጣ። ሌላ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ሰው አልነበረም። የቀረው አንድ ቤት፣ ተማሪ ሳሉ ተከራይተው የኖሩበት ነበር።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 3 ቀን 1981 ዓ.ም. አረፉ። ስልኩ የደረሰን ከሆስፒታሉ ነው፤ አጠገባቸው ማንም አልነበረም። በማግስቱ የፖስታ ሳጥናቸው ሲከፈት አርባ አንደኛው መልስ ተገኘ፤ ድንጋዩ 1789 ይላል። በርባንክ የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ሔለን በደብተሩ ላይ አስገብታለች፤ ጽሑፉም ወደ ማኅበሩ ይላካል።

ይህን የሽኝት ወረቀት ስናዘጋጅ በእንግሊዝኛው ገጽ የልደታቸው ዓመት መግባት ነበረበት። ሔለን ደብረ ሲና ደውላ እናቷን፣ የጋሼን ታናሽ እህት ወይዘሮ ለተማርያምን ስትጠይቅ፣ «እኔ በኋላ የመጣሁት ወሩን በምን ልወቀው?» አሏት። ከእርሳቸው በላይ የሚጠየቅ ዘመድ በሕይወት የለም። ሰባት ይደመር ስምንት የሚነግረን አጥተን ቦታውን ባዶ ትተነዋል።

አንድም በር ያለ ዓመቱ እንዳይቀር የደከሙትን ወንድማችንን፣ ቀናቸውን የሚያውቅ አምላክ በመዝገቡ ያስፍራቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።