ሰው ሳይሞት የተነፋ ጥሩምባ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ዛሬ አሸንፌያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ኮልፌ ወንዙ ዳር የጎርፍ ልምምድ ስናደርግ ነዋሪው ከቤቱ እንዲወጣ በሜጋፎን ተጣራን። ብቅ ያሉት አንዲት እናት ብቻ ናቸው። ነጋዴ መስለናቸው ኖሮ ፌስታል ይዘው «ሽንኩርቱ ስንት ነው?» አሉኝ። አለቃዬ ሰብለ ከዚህ የበለጠ የሚጮህ ሜጋፎን ይገዛ አለች። እኔ፣ የአደጋ መከላከል ድርጅቱን ከተቀላቀልኩ ወር ያልሞላኝ ተለማማጅ፣ የእድሩ ጥሩምባ ይነፋ አልኩ። ሳቀችብኝ።

ሄጄ ሳማክራቸው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ከድርም አልወደዱትም። «ልጄ፣ ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ሰው ሳይሞት ይነፋ» አልኳቸው።

ስልካቸውን አወጡና ለጥሩምባ ነፊው ራሳቸው ደወሉ።

ዛሬ ጠዋት ገና አንዴ እንደተነፋ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች አለች፤ እጇ ሊጥ የሆነ አለች፤ አንዱማ ጢሙን በግማሽ ተላጭቶ ነው የመጣው። የፌስታሏ እናት እየሮጡ ደርሰው «ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም» አሉ ጋሽ ከድር። «እንዳይሞት ነው የተነፋው። በሉ፣ ወደ ዳገቱ!»

ሁሉም ወጣ።

ስንመለስ ሰብለ ሜጋፎኑን አሸከመችኝ። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።