ከግድግዳው ማዶ ያለ ወንበር

ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ወልደየስ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ክረምቱን እንዴት ቻለው? ሳሉ ተወዎት? የአሰላ ብርድ አጥንት ድረስ እንደሚገባ አውቃለሁና፣ ያንን የላክሁልዎን ካፖርት ለእንግዳ ቀን ብለው ሳጥን ውስጥ እንዳልቆለፉበት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔን በተመለከተ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ጌታ ይመስገን። የቀረውን ከዚህ በታች አጫውትዎታለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልዎ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው፣ ዘመድ ጥየቃ የሚመጡት ወይዘሮ አበዛሽ ናቸው። በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ ይገባኛል። ስልኩን እምቢ ስላሉኝ ነው። እህቴ አልጣሽ እንደነገረችኝ ዓይንዎ ገና ያለ መነጽር ያነባል፤ ስለዚህ በጆሮዎ በኩል ብከለከል በዓይንዎ በኩል መጣሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያወራን ቀን የሆነውን ሁለታችንም አንረሳውም። ጉንፋን ጥሎኝ ሳምንት ሙሉ ተኝቼ እንደነበር ስነግርዎ፣ እርስዎ «ተመስገን፣ ጌታ ይጨምርልህ» አሉኝ። ቤት ያሉት ሁሉ ሳቁ። የአልጣሽ ባል በድሉ ሳቀ፣ እኔም እዚህ ሆኜ ሳቅሁ። እርስዎ ግን ስልኩን ለአልጣሽ ሰጥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ «ጆሮዬ ሞቷል፣ ልጁን አታድክሙት» ይላሉ አሉ። ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ ሥር የቆመ ጆሮ ቢደክም ምን ያስነውራል? ግን ኩራትዎን አውቀዋለሁና አልተከራከርኩዎትም። ቤቴ ዝም አለ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ስለ አንድ ጎረቤቴ ነው፤ ጉዳዩ እርስዎን ይመለከታል።

የምኖረው እንደሚያውቁት ኦሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ካሉት አፓርትመንቶች በአንዱ ነው። ግድግዳው ካርቶን ነው ቢባል ይቀላል። የወፍጮ ቤት ልጅ ደግሞ ቀስ ብሎ ማውራት አያውቅም። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ስልኩን ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ፣ ስፒከር ላይ አድርጌ፣ እርስዎም እኔም ሞተሩን ለመብለጥ እንደምንጮኸው ሆነን ነበር የምናወራው።

አንድ እሑድ በወሬያችን መሀል በሩ ተንኳኳ። ያስታውሱ እንደሆነ «ቆዩ፣ ሰው መጣ» ብዬዎት ነበር። በጩኸቱ ተናዶ የመጣ ሰው መስሎኝ ገና በሩን ሳልከፍት «ሶሪ» አልኩ። የቆሙት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ በነጠላ ጫማ፣ በብብታቸው ዳቦ፣ በእጃቸው በሳህን አይብ ይዘው። ፊታቸው በርቷል። ረጅም ነገር ተናገሩ። ቋንቋው አልገባኝም፤ ግን ጠው፣ ቀው፣ ጨው ሁሉ እንደ እኛው ነበርና ደንግጬ ቆምኩ። በአማርኛ መለስኩላቸው፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ። ፊታቸው መብራት እንደሄደበት ቤት ሲጨልም አየሁት። ዳቦውንና አይቡን ግን መልሰው አልወሰዱም፤ በእጄ አስይዘውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ሳህኑን ልመልስ ስሄድ ልጃቸው ማሮ አስረዳችኝ። ሽማግሌው ኢሊኮ ይባላሉ። አገራቸው ጆርጂያ ነው፤ እዚህ አሜሪካ ውስጥ ያለችው ሳትሆን ከሩሲያ በታች ያለችው። የእሳቸው ቋንቋ ግን ጆርጂያኛ አይደለም። ባትስ ይባላል፤ የሚነገረው በአንድ መንደር ነው፣ እዚያም ሽማግሌዎቹ ናቸው የሚናገሩት። ማሮ ትሰማዋለች እንጂ አትመልስበትም። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በቋንቋቸው የሚያጫውታቸው ሰው የለም። እና ግድግዳውን አልፎ የሚመጣውን የእኛን ወሬ ሰምተው፣ የመንደራቸው ሰው ከነአባቱ ጎረቤት የገባ መስሏቸው ነበር።

ይህ እንዴት ይሆናል ብዬ ጠየቅሁ። ኢሊኮ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና በማሮ አስተርጓሚነት አስረዱኝ። ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዱት እነ ጠ እና ቀ ጆርጂያኛም ላይ ስላሉ በእነሱ ብቻ አልተሳሳቱም። ያሳሳታቸው ማጥበቃችን ነው። እኛ ፊደሏን ረገጥ አድርገን የምናልፈው ነገር ጆርጂያኛ ላይ የለም፤ የእሳቸው ላይ አለ። ቋንቋን ራሱን ሞጥ ይሉታል፤ ጥዋ ትጠብቃለች፣ እኛ «ቁጭ በል» ስንል ጭ እንደምትጠብቀው። የቃሎቻቸው መጨረሻ ደግሞ ይዋጣል፤ የመጨረሻዋ ድምፅ ወይ በትንፋሽ ብቻ ትወጣለች፣ ወይ ጨርሳ ትቀራለች። ያ ግድግዳም የእኛን ቃል መጨረሻ ይውጠው ነበር። እንግዲህ ማዶ ላይ ላለ ሰው ምን ተረፈው? የሚፈነዳውና የሚጠብቀው ብቻ።

ሁሉ ነገር አንድ ነው ማለቴ አይደለም። በምላሳቸው ጎንና ጎን በትንፋሽ የሚያወጡት አንድ ል አላቸው፤ ብሞክረው ምራቅ ብቻ ወጣኝ፣ እሳቸውም ሳቁብኝ። ደረቴን በጣታቸው ነክተው «ሖ» ይሉኛል፤ «አንተ» ማለታቸው ነው። ድምፁ ግን ከጉሮሮ ሥር ነው የሚመጣው። እርስዎ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እያሉ በጣትዎ ይለዩልኝ ነበር፤ በአፋችን ግን አንድ ነበሩ። ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ ስጽፈው የኖርኩትን ሐ ከጎረቤቴ አፍ ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ኢሊኮ እሑድ እሑድ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ይቀመጡ እንደነበር ማሮ ነገረችኝ። እርስዎ ስለ ስንዴ ዋጋና ስለ ሞተሩ ቀበቶ ሲያወሩ፣ እሳቸው ማዶ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

እንግዲህ እርስዎ ስልኩን ሲተዉ የቀረው የእኔ ወሬ ብቻ አልነበረም። እኔማ ሥራ አለኝ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ኮሜርስ ሲቲ ባለው መጋዘን ቀኑን ሙሉ የማወራው በጆሮዬ ላይ ከሚደረግ ማሽን ጋር ነው፤ በእንግሊዝኛ ቁጥር ይነግረኛል፣ እኔም ቁጥር እመልስለታለሁ። ቤት ስገባ በአፌ የምለው ነገር የለኝም። ለአልጣሽ በስልክ እጽፍላታለሁ፣ እሷም ትጽፍልኛለች፤ ጽሑፍ ድምፅ የለውም። አባባ፣ ብቸኝነቱ ከብዶኛል። እንዲህ በግልጽ ነግሬዎት አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ገብቼ እንደተቀመጥኩ በሩ ተንኳኳ። ኢሊኮና ማሮ ናቸው። ሽማግሌው ጥቁር ኮት ለብሰው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ማሮ በድስት ምግብ ይዛለች። ገብተው ቁጭ አሉ። ማን ሞተ ብዬ ክው አልኩ። ማሮ አንገቷን ደፍታ ለእርስዎ ለቅሶ እንደመጡ ነገረችኝ። መጀመሪያ የአባትየው ድምፅ ጠፋ፣ ቀጥሎ የልጁ ጠፋ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብለው ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ሳቁን ሳልጨርሰው ደግሞ አለቀስኩ፤ ቤቴ በእውነት የለቅሶ ቤት መስሎ ነበር የከረመው።

«አባቴ በሕይወት አሉ፣ ጆሯቸው ነው የደከመው» አልኳቸው። ማሮ ስትነግራቸው ትኩር ብለው አዩኝና «ታዲያ አፋቸውን ምን ነካው?» አሉ። «እኔ አንዲት ቃል ሳይገባኝ ስሰማ ከኖርኩ፣ እሳቸው ሳይሰሙ ቢናገሩ ምን ይጎድልባቸዋል?» አሉ። ጥያቄው ለእርስዎ ነው። እርስዎ መልስ ካለዎት ይላኩልኝ።

ከሌለዎት ግን፣ አባባ፣ እሑድ በእናንተ አመሻሽ፣ በእኔ ጠዋት፣ አልጣሽ ስልኩን ትስጥዎት። የምለውን ለመስማት አይጨነቁ። ስለ ዝናቡ ያውሩኝ፣ ስለ ወፍጮው፣ ሰፈር ውስጥ ማን እንዳገባ። እኔ ታምሜ ነበር ስልዎት «ተመስገን» ቢሉኝም ይበሉኝ፤ ከእርስዎ አፍ ከሆነ ይበቃኛል። እኔም እንደ ድሮው እየጮህኩ እመልስልዎታለሁ፤ የምለውን እርስዎ ባይሰሙት የሚሰማው ሰው አለ።

እህቴን አልጣሽን ሳሙልኝ። በድሉን ስለዚያ ቀን ሳቅ አልተቀየምኩትም በሉልኝ፣ ወፍጮውን ግን ጆሮውን ሸፍኖ ይሥራ። ልጃቸው አቢጊያ በትምህርቷ እንዳትሰንፍ። የወፍጮ ቤቱን ዘበኛ ጋሽ መኮንንንም ሰላም በሉልኝ። ኢሊኮ ሰላም ብለውዎታል፤ በሕይወት መኖርዎን ግን ገና አላመኑኝም። ጥቁሩን ኮት አላወለቁም፤ እሑድ ወንበራቸውን አስጠግተው ይጠብቃሉ።

ልጅዎ ፍቅረየሱስ ወልደየስ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.