የጣይባ ድርብ ጥርስ

ጥቅምት 3 ቀን 1931
ቀኑን ሙሉ ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ስንፈልጥ ዋልን። ማሽላው ቀልቷል። የማታ የንባብ ትምህርቱም ዛሬ አለቀ። አስተማሪያችን መሪጌታ ወልደማርያም፣ «አብዱረሂም፣ ንባቡን እንደ ፍየል አትዝለለው» አሉኝ። ዘልዬም ቢሆን ከሁሉ ቀድሜ ጨረስኩ። ከቀወት እስከ አጣዬ እንደኔ ቶሎ ያነበበ ካለ ይምጣ።

ጥቅምት 11
ልጄ ጣይባ አፏን በሻሿ ሸፍና ነው የምትስቀው። ሰባት ዓመቷ ነው... ማንን ነው የምታፍረው? ክፈቺ አልኳት። ከታች ከፊተኞቹ ሁለት ጥርሶች ኋላ ሌላ ሁለት በቅሏል።
«አባዬ፣ ድርብርብ ይሉኛል።»
«አንዱ ለሥጋ፣ አንዱ ለቆሎ ነው በያቸው።»
አልሳቀችም። የኔ ቀልድ ሲከሽፍ አይቼ አላውቅም።

ጥቅምት 12
ታላቅ እህቴ እትዬ ዘምዘም መጥታ አየቻት። «ከኋላ የመጣው ትርፍ ነው። ሐሙስ ጋሼ ይልማ ይንቀሉት።» ጋሼ ይልማ በገበያ ቀን ከአጣዬ የሚመጡ ጥርስ ነቃይ ናቸው። ጉጠታቸው ፈረስ ያስጮሃል። ሚስቴ ሙሀባ ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበች። እኔ «ይሁን» አልኩ። ለምን አልኩ?

ጥቅምት 14
የሠፈሩን ልጆች ሰልፍ አስያዝኩ። አፍ ክፈቱ። የከበደ ልጅ፣ «ጋሼ፣ አንተም ጣሊያን ሆንክ?» አለኝ። ሆንኩ አልኩት፣ ክፈት።
አየሁ። የልጅነቱ ጥርስ ትንሽ ነው፣ ጠርዙ ልሙጥ። አዲስ የበቀለው ትልቅ ነው፣ ጠርዙ እንደ ማጭድ አፍ ጥርስ ጥርስ ያለው። ቤት ገብቼ የጣይባን ዳሰስኩ... ማጭዱ የኋላው ነው። ዕድሜ ልኳን የምትበላበትን ልናስነቅል ነበር።

ጥቅምት 15
ለእትዬ ዘምዘም ነገርኳት።
«ፊደል ቆጥረህ ጥርስም ታነባለህ?»
«አነባለሁ።»
«ታዲያ የፊቱ ለምን አይወድቅም? ንቅንቅ አይልም።»
የመለሰችው ሙሀባ ናት። «ጥንቅሹን ማን ነው የሚልጥላት?»
እኔ ነኛ። ሌላው ልጅ የአገዳውን ልጥ በፊት ጥርሱ ይቦጭቃል። የኔዋ እንደ ሡልጣን ልጅ በካራ ተልጦ፣ ተቆራርጦ ይቀርብላታል። ከዛሬ ጀምሮ አልልጥም።

ጥቅምት 16
«አልወድህም» አለችኝ። ልጡን እየቦጨቀች ነው የምትለኝ። ትበል። አንዱ የፊት ጥርሷ ዛሬ አገዳው ላይ ተሰክቶ ቀረ። ሁለተኛው ላላ ብቻ ብሏል።

ጥቅምት 17
ገበያ። እትዬ ዘምዘም ቀድማኝ ልጅቷን ጋሼ ይልማ ፊት አስቀምጣታለች። ጉጠቱ የኋላውን ሊይዝ ሲል ክንዳቸውን ያዝኩ።
«ጋሼ፣ የፊቱን ነው።»
«ስነቅል ነው ያረጀሁት፣ ልቀቀኝ።»
«ይዳስሱት። ጠርዙን ብቻ ይዳስሱልኝ።»
ሰው ከቦ ያያል። ባይዳስሱ ኖሮ ምን አደርግ ነበር? ዳሰሱ። የፊቱን ነቀነቁ። «ይኼማ ጉጠትም አይፈልግ» ብለው በጣታቸው አወጡት። ጣይባ አላለቀሰችም።
እትዬ ዘምዘም፣ «የኋላው እዚያው ምላሷ ሥር ቢቀርስ?»
ጋሼ ይልማ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ነህ አዋቂው። ወደ ፊት ይመጣል?»
«ይመጣል» አልኩ።
አላውቅም።

ኅዳር 20
አልመጣም። ከፊት ክፍት፣ ከኋላ ጥርስ። እትዬ ዘምዘም ባየችኝ ቁጥር፣ «እህ፣ አንባቢው?» ትለኛለች። ሳቅኩላት። ሆዴ አልሳቀም።

ታኅሣሥ 15
ትንሽ ወደ ፊት ያለ መሰለኝ... ወይስ ዓይኔ ነው? ሙሀባ ስታወራ ምላሷ ይገፋዋል ትላለች። እንግዲያ የኔ ልጅ ናት፣ ወሬ አያልቅባትም።

የካቲት 2
አልሀምዱሊላህ። ዛሬ ልዳስስ ጣቴን ባስገባ ነከሰችኝ። ሆነ ብላ ነው፣ ስትስቅ ይዣታለሁ። ልቆጣ ስል ጣቴን አየሁት። የታችኞቹ ጥርሶቿ ምልክት በአንድ መስመር፣ እንደተተከለ አጥር። አንዱ ትንሽ ዞር ብሏል፣ እሱስ እኔም ዞር ያልኩ ነኝ።
ምልክቱ ሳይጠፋ ብዬ እትዬ ዘምዘም ቤት ሮጥኩ። ጣቴን ወደ ብርሃን ይዛ አየችው፣ ገለበጠችው፣ ደግማ አየችው። ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር።
«የመሊካ ልጅም ከኋላ አብቅሏል» አለች። መሊካ ልጇ ናት። «ዛሬ ልታስነቅለው ወደ ገበያ ወጥታለች።»
ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ወደ ገበያው ሮጠች። እኔ ጣቴን እንደዘረጋሁ ቀረሁ።