«ይመከራል» ማለት ያስፈልጋል ማለት ነው ወይስ አያስፈልግም?

ይድረስ በታይፔ ከተማ የብረት ነብር የጨዋታ ኮምፒውተሮች ድርጅትን የደንበኞች አገልግሎት በበላይነት ለሚመሩት ለክቡር አቶ ዩ ጂንግሼንግ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከጉልበቴ ሕመምና ከድርጅትዎ በስተቀር ደህና ነኝ። ቤተሰብዎም፣ ወንበርዎም፣ ስልክ ይዤ ስጠብቅ ስታጫውተኝ የኖረችው ያቺ የፒያኖ ዜማም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ዜማዋንማ አሁን ዓሣ ስበልት ሳላስበው አንጎራጉራታለሁ።

ስሜ ኮ ሊዩን ይባላል፤ ዕድሜዬን በኪሉንግ ወደብ ዓሣ ገበያ የፈጀሁ ሴት ነኝ። ዓሣ ነጋዴን ከጨዋታ ኮምፒውተር ጋር ምን አገናኛት ይሉ ይሆናል። ያገናኘችን ቹንጂን ናት። ቹንጂን ከጎኔ ቆማ ሸርጣን ስትሸጥ የኖረች፣ ከእኔ ጋር ስትጣላና ስትታረቅ ያረጀች ወዳጄ ስትሆን፣ አሁን ልጇ ሁዋልየን ከተማ ወስዶ ከአረጋውያን ማረፊያ አስገብቷታል። ትዝታዋ እየከዳት ስለሆነ በስልክ ስደውልላት «ማን ልበል?» ትለኛለች። በጨዋታው ውስጥ፣ ሁለታችን ድንጋይ በድንጋይ ላይ እያነባበርን በሠራነው ቤት በር ላይ ስንገናኝ ግን ገና ሳልገባ «አንቺ ሊዩን፣ ዛሬም አረፈድሽ? እግርሽን ማን አሰረው?» ብላ ትወርድብኛለች። ስድቧን ስሰማ ልቤ ይሞላል። ያ ቤት የተቀመጠው በእኔ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ ነው፤ እሷ ከማረፊያዋ ሆና ትገባበታለች። ከዚያ ቤት በር ሌላ ቹንጂን እኔን የምታውቅበት ቦታ አልቀረም።

ክቡርነትዎ ሥርዓት እንደሚወዱ ስለሰማሁ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ኮምፒውተሬ ደህና ነበር። አይቆምም፣ አይንተባተብም፣ አይሞቅም። አንድ ቀን ከድርጅትዎ የተላከ ማስታወቂያ ማያው ላይ ብቅ አለና «ተጨማሪ የዲስክ ድራይቨር ሶፍትዌር መጫን ይመከራል» አለኝ። ድራይቨር ኮምፒውተሩና ዲስኩ እንዲግባቡ የሚያስተረጉም ሶፍትዌር ነው አሉኝ፤ እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ሁለቱ ተኳርፈው አላየሁም። ስለዚህ ደውዬ በትሕትና አንዲት ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ያስፈልገኛል ወይስ አያስፈልገኝም? ማር የመሰለ ድምፅ ያላት ሠራተኛዎ «ውድ ደንበኛችን፣ ይመከራል» አለችኝ። «ልጄ፣ ይመከራልን አንብቤዋለሁ፤ ያስፈልጋል ወይ?» ብላት «አዎ ውድ ደንበኛችን፣ በጣም ይመከራል» አለችኝ። አቤት ትዕግሥቷ! ክቡር ሆይ፣ እኔ ዘንድ ሰው መጥቶ «ይሄ ዓሣ ትኩስ ነው ወይ?» ሲለኝ «ይመከራል» ብዬ ብመልስለት በዚያው ዓሣ ፊቴን ይለኝ ነበር፤ እውነቱንም ነው። አባቶች «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። እኔ ግን እሺ ብዬ ጫንኩት። ምክሩንም ሰማሁ፣ መከራውም መጣ።

፪ኛ. ከተጫነ ወዲህ ኮምፒውተሩ ጨዋታው መሐል ላይ ደርቆ ይቀር ጀመር። ቹንጂን በሩ ላይ ቆማ ትጠራኛለች፣ እኔ እንደ በረዶ ዓሣ ተገትሬ መልስ አልሰጥም። እንደገና ደወልኩ። በዚህኛው ቀን ያነሳው ወጣት «ማነው ጫኑት ያለዎት እትዬ? የእርስዎ ኮምፒውተር እኮ አንድ ዲስክ ብቻ ነው ያለው፤ ዊንዶውስ የራሱ ድራይቨር አለው። ያውጡት» ብሎ ገሠጸኝ። ጫኚው ያለችኝ ከእሱ ጎን የተቀመጠች ልጅ መሆኗን ነገርኩት፤ «እሷ ሌላ ክፍል ናት» አለኝ። አወጣሁት። ከዚያም ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሚታየው ሰማያዊ ገጽ ላይ የዲስኩን አሠራር የሚወስን አንድ ነገር እንድቀይር በስልክ እየመራ አስቀየረኝ። ቀየርኩ፤ ኮምፒውተሬም «ዲስክ አላገኘሁም» ብሎ ዐይኑን ጨፈነ። ወጣቱም መስመሩ ተቋረጠበት። ስለ ግሣጼው ከልብ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ የሚቆጣኝ ሰው እያነሰኝ ነበር።

፫ኛ. ከብዙ ምልጃ በኋላ ባለሙያ ላካችሁልኝ፤ ስሙ ሹዌ ይባላል፤ ጫማውን በር ላይ ያወለቀ፣ የሰጠሁትን የዓሣ ሾርባም የጨረሰ ጨዋ ልጅ ነው። ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት ግን ያነሣው ላዩ ላይ ያስቀመጥኩትን አረንጓዴ የበቆሎ ብስኩት ነው። ስሙ «ጨዋ ሁን» ማለት የሆነውን ያንን ብስኩት ማሽን እንዳይባልግ ብለን ላዩ ላይ የማናስቀምጥ ማን አለን? ባንኩም ሆስፒታሉም ያስቀምጣል። ሹዌ ከረጢቱን ገልብጦ አየና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል። እንዴት ጨዋ ይሁንልዎት?» አለኝ። ከቦርሳው አዲስ አውጥቶ ተካው። ከድርጅትዎ አገልግሎት ሁሉ ያለ ክርክር የተፈጸመልኝ ይህ ብቻ ነው። በኋላ በደረሰኝ የጥገና ሪፖርት ላይ የብልሽቱ ምክንያት «የአካባቢ ሁኔታ» ተብሎ ተጽፏል። ክቡር ሆይ፣ ጥፋተኛው ብስኩቱ ነው ማለት ነው? እንግዲያውስ የምሕንድስና ክፍልዎን ዘግተው ኪዮስክ ይክፈቱ፤ ቢያንስ ኪዮስክ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል።

፬ኛ. ሹዌ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ማጽዳት እንደሚመከር ነገረኝ። እኔም «ቤቱ እዚያ ውስጥ ነው፤ አይሆንም!» አልኩት። እሱም ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ፤ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ደግሞ በድምፅ ማጉያው «አይዞዎት፣ ጨዋታው ደመና ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት ማከማቻችን ተቀምጧል፤ ወዲያው ይመለሳል» ብሎ አረጋገጠልኝ። አመንኩ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፣ የጸዳው ግን በእናንተ ቃል ነው። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በኪሉንግ የደመና ችግር የለብንም፤ ጠዋት ማታ ያዘንባል፤ እስካሁን ግን ከየትኛውም ደመና የእኔ ቤት አልወረደም። ስጠይቅ ደመናው የሚያገለግለው ለሌሎች ጨዋታዎች እንጂ ለዚህ አለመሆኑን አስረዳችሁኝ። ሹዌ አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፣ ምን ልበልዎት፣ አፈርኩ» አለኝ፤ ከድርጅትዎ ያፈረ እሱ ብቻ ስለሆነ እባክዎን እንዳይቀጡት።

ሹዌ ጨዋታውን እንደ አዲስ ጭኖልኝ ስለነበር በማግስቱ ቹንጂን በሰዓቷ ገባች። የሰጠኋት ባዶ ሜዳ ነበር። በር የለም፣ ግንብ የለም፣ የሸርጣን ኩሬዋ የለም፤ እኔ መሐል ሜዳው ላይ ቆሜ «ቹንጂን፣ እኔ ነኝ፣ ሊዩን ነኝ» እላለሁ። ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ በጣም በጨዋነት፣ ለማያውቁት ሰው በሚነገር ድምፅ «ይቅርታ እትዬ፣ ቤት ተሳስቼ ነው የገባሁት» አለችኝና ወጣች። በሕይወት ዘመኗ እኔን እንዲያ በአክብሮት አናግራኝ አታውቅም። ተቃጠልኩ፣ ክቡር ሆይ። ከዚያ ወዲህ አልገባችም።

ለጊዜዎ፣ ለማሩ ድምፅ፣ ለፒያኖውና ለአዲሱ ብስኩት ያለኝን ምስጋና በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ የሚጠይቅዎም ሰው እንዲቀንስ ከልብ በመመኘት፣ በእናንተ መዝገብ «ጉዳይዋ የተፈታላት ደንበኛ» ተብዬ የተመዘገብኩት፣

ኮ ሊዩን
ከኪሉንግ ዓሣ ገበያ

ከፊርማ በኋላ የታሰበ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽገው ስል ለመጀመሪያው ጥያቄዬ የሰጣችሁት የጽሑፍ መልስ ደረሰኝ። «ውድ ደንበኛችን፣ ተጨማሪው ሶፍትዌር ለእርስዎ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። መልሱ ትክክል ነው፤ ለማረጋገጥ የፈጀው አንድ ቤትና አንዲት ወዳጅ ብቻ ነው።